ለአንድ ቀን የእግር ጉዞ ወንጪ፣ ደንዲ ወይስ ዝቋላ?

የቤተሰብ ጉዞ አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ። ለገና ከዱባይ የምትመጣው እህታችን ወደ ሥራዋ ከመመለሷ በፊት መላው ቤተሰብ አንድ ቀን አብሮ የሚውልበትን የእግር ጉዞ ለማዘጋጀት ተነሥቻለሁ። ሁላችንም የተራራ ሐይቅ ለማየት ስለፈለግን፣ ከአዲስ አበባ ጠዋት ተነሥቶ በዚያው ዕለት መመለስ የሚቻልባቸውን ሦስት ቦታዎች፣ ማለትም ወንጪን፣ ደንዲንና ዝቋላን ለይቻለሁ። ዕለቱ በገናና በጥምቀት መካከል ያለው ቅዳሜ ነው።

የምንሄደው ስምንት ሰዎች ነን። አባታችን 66 ዓመታቸው ነው፤ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ፤ ሆኖም በየማለዳው ቤተ ክርስቲያን በእግራቸው ስለሚሄዱ መራመድ የለመዱ ናቸው። ትንሹ ልጅ 11 ዓመቱ ነው። ሌሎቻችን አልፎ አልፎ እንጦጦ ላይ እንራመዳለን እንጂ ተራራ መውጣት የለመደ ሰው በመካከላችን የለም። እህታችን ደግሞ ዓመቱን በሙሉ ባሕር ዳርቻ ባለ ከተማ ስለምትኖር ከፍታው እንዳያስቸግራት እሰጋለሁ።

መካከለኛ ድካም ያለው፣ ልጁን የማያሰለች፣ አባታችንንም ከቡድኑ የማይነጥል ጉዞ የቱ እንደሆነ ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ። ወንጪንና ደንዲን በካርታ ላይ ሳያቸው በጣም ተቀራርበው ስለሚታዩ፣ ሁለቱን በአንድ ቀን ማየት ይቻል እንደሆነም ማወቅ እፈልጋለሁ።

የአፋፍ መንገደኛ

ለእንዲህ ዓይነቱ ቤተሰብ የምመርጠው ወንጪን ነው። ነገር ግን ወንጪ ከሌሎች ተራሮች የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ የቀኑ ዕቅድ ሁሉ መነሣት ያለበት ከዚህ ስለሆነ በዝርዝር ላስረዳ።

ሐይቁ የተኛው በጠፋ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ነው። መኪናው እስከ አፋፉ ድረስ ይወስዳችኋል፤ ከዚያ በእግር የምትሄዱት ወደ ታች ነው። ከፍተኛው የአፋፉ ክፍል ወደ 3,400 ሜትር ይጠጋል፤ የሐይቁ ዳርቻ ደግሞ በ2,900 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በሌላ ተራራ ሰው ጠዋት በሙሉ ጉልበቱ ዳገቱን ወጥቶ፣ ከሰዓት በኋላ ሲደክመው ቁልቁል ይመለሳል። በወንጪ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ጠዋት ልጁም አባታችሁም በደስታ እየተጫወቱ ይወርዳሉ፤ ሐይቁ ዳር ደርሰው ድካም ስለማይሰማቸው ገና ብዙ መሄድ እንደሚችሉ ያስባሉ፤ ጀልባው፣ ደሴቱ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ሸለቆና ፍል ውኃው እየሳበ ይወስዳቸዋል። ዳገቱ የሚጀምረው ግን ፀሐይዋ ከበረታች፣ ምሳ ከተበላና እግር ከዛለ በኋላ ነው። ወንጪ ሄዶ የተማረረ ሰው ካጋጠመዎት፣ አብዛኛውን ጊዜ ያማረረው ይህ የመጨረሻው ዳገት ነው።

ስለዚህ ዕቅዱን ከመነሻው ሳይሆን ከመጨረሻው ይጀምሩ። በጥር ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12፡20 ገደማ ነው። ዳገቱን ጨርሳችሁ መኪናው ዘንድ ቢዘገይ 10 ሰዓት ላይ ብትደርሱ፣ እስከ ወሊሶ ያለውን ተራራማ መንገድ በብርሃን ትጨርሱታላችሁ። ለዳገቱ የሚያስፈልገውን ጊዜ ለመገመት ስኮትላንዳዊው ዊሊያም ናይስሚዝ በ1892 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያወጣው ስሌት እስካሁን ይጠቅማል። ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት ይያዛል፤ በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት አንድ ሰዓት ይጨመራል። የመመለሻው መንገድ 4 ኪሎ ሜትር፣ ዳገቱም 450 ሜትር ነው ብንል፣ 48 ደቂቃና 45 ደቂቃ ተደምሮ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይሆናል። ይህ ግን ለጠንካራ ሰው፣ ያለ ዕረፍት የተሰላ ነው። በዕድሜ ለገፉ ሰዎችና ለከፍታው ሲባል ግማሹን ያህል ጨምረው ሁለት ሰዓት ከሩብ ይያዙ። ከ10 ሰዓት ወደ ኋላ ሲቆጥሩ፣ ከሐይቁ ዳርቻ የምትነሡበት ሰዓት 7፡45 ይሆናል ማለት ነው። ይህን ሰዓት ከመነሣታችሁ በፊት ለሁሉም ይንገሩ። ሐይቁ ዳር ከደረሱ በኋላ የሚነገር ሰዓት ሁልጊዜ ይለመናል፤ ሁልጊዜም ይራዘማል።

ጠዋቱን በተመለከተ፣ በዚያ ወቅት ፀሐይ የምትወጣው ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ ስለሆነ ከአዲስ አበባ በ12 ሰዓት ተነሡ። በሰበታና በቱሉ ቦሎ አድርጋችሁ ወሊሶ ስትደርሱ ቁርስ ብሉ፤ ከዚያ ወደ አፋፉ ውጡ። ጠቅላላው መንገድ በአንድ በኩል 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ መራመድ ከጀመራችሁ፣ ቁልቁለቱን በዝግታ ወርዳችሁ ከ5 ሰዓት ተኩል በፊት ሐይቁ ዳር ትሆናላችሁ። ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ሰዓታት ለጀልባው፣ ለደሴቱና ለምሳ ይበቃሉ። እስከ ፍል ውኃው መሄድን ግን በዚህ ጉዞ ባታስቡት ይሻላል። ሸለቆው እጅግ ያማረ ነው፤ መንገዱ ግን ከሐይቁም ወዲያ እየራቀ የሚሄድ ስለሆነ የቀረውን ዳገት ያከብደዋል። ያን ክፍል ለጠንካራ ተጓዦች ወይም እዚያው ለማደር ለሚያስቡ ሰዎች ተዉት።

መንገዱን ከመጀመራችሁ በፊት በዚያ ሳምንት ስላለው የመንገዱ ሰላም በወሊሶ የሚኖር የሚያምኑትን ሰው መጠየቅም አይዘንጉ።

ከወሊሶ

የአፋፍ መንገደኛው ያሉት ትክክል ነው። እኔ የአካባቢው ሰው ስለሆንሁ ስለ ፈረሱ፣ ስለ ጀልባውና ስለ ሰዉ ጥቂት ልጨምር።

ፈረሶቹንና አስጎብኚዎቹን የሚያገኟቸው በአካባቢው ነዋሪዎች ማኅበር በኩል ነው። መኪናው ገና ሳይቆም ብዙ ወጣቶች ከበው ሊያነጋግሯችሁ ይችላሉ፤ በትሕትና ሰላም ብላችሁ በቀጥታ ወደ ማኅበሩ ብትሄዱ ተራ የደረሰው ሰው ይሰጣችኋል፤ ገንዘቡም ለብዙ ቤተሰብ ይዳረሳል። ዋጋውን ስትስማሙ ፈረሱ ለመሄጃ ብቻ፣ ለመመለሻ ብቻ ወይስ ለደርሶ መልስ እንደሆነ፣ ጀልባው ይካተት እንደሆነና ባለ ፈረሱ ታች ስንት ሰዓት እንደሚጠብቃችሁ ለይታችሁ ተነጋገሩ። ጭቅጭቅ የሚነሣው ይህ ሳይለይ ሲቀር ብቻ ነው።

ብዙ እንግዶች ጠዋት ሲወርዱ በፈረስ ሄደው፣ ሲመለሱ በእግራቸው ይወጣሉ። እኔ ግን ተቃራኒውን እመክራለሁ። ቁልቁለቱ ላይ ፈረሱ ወደፊት ስለሚያዘነብል ልምድ የሌለው ሰው ይንሸራተታል፤ ጀርባውንም ያመዋል፤ ለፈረሱም ከባድ ነው። አባታችሁ በዝግታ ከዘራቸውን ይዘው በእግራቸው ይውረዱ፤ ዳገቱን በፈረስ ይውጡ። ለልጁም አንድ ፈረስ ያዙለት፤ ሲደክመው ከእህታችሁ ጋር እየተፈራረቁ ይቀመጡበታል። መንገዱ በጣም በቆመበት ቦታ ላይ ባለ ፈረሱ ውረዱ ካላችሁ ሳትከራከሩ ውረዱ።

ስትወርዱ በግራ በቀኝ የእንሰት ጓሮዎችን፣ የገብስ ማሳዎችን፣ አልፎ አልፎም የአስታና የኮሶ ዛፎችን ታያላችሁ። መንገዱ በሰዎች ደጃፍ የሚያልፍ ስለሆነ «አካም ጅርቱ» ብሎ ሰላምታ መስጠት፣ ሲረዷችሁም «ገለቶማ» ማለት ብዙ በር ይከፍታል። ሰውንም ሆነ ቤቱን ፎቶ ከማንሣት በፊት አስፈቅዱ። ለሕፃናት ከረሜላና ሳንቲም መበተን ልጆቹን ከትምህርት ቤት እያስቀረ መንገድ ዳር እንዲውሉ ስለሚያደርግ እባካችሁ ተዉት፤ መርዳት ከፈለጋችሁ ከእናቶቻቸው የተቀቀለ ድንች ወይም ማር ግዙ።

በደሴቱ ላይ ያለው የቂርቆስ ገዳም ነው። ስትሄዱ ነጠላ ያዙ፤ ጫማ ማውለቅም ስላለ በቀላሉ የሚፈታ ጫማ የለበሰ ሰው ይቀለዋል። ጀልባ ውስጥ ስትገቡ ቀዛፊው የነገራችሁን ያህል ሰው ብቻ ይሳፈር፤ ስምንታችሁ በአንድ ጀልባ እንሂድ ብላችሁ አታስቸግሩት። ልጁ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ካለው ከአዲስ አበባ ይዛችሁት ኑ።

ለማያውቅ አንባቢ ደግሞ ይህን ልናገር፤ ወንጪ በ2014 ዓ.ም. በዓለም የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ ተመርጧል፤ ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋርም የገበታ ለሀገር ፕሮጀክት አካል ሆኗል። ከዚያ ወዲህ በበዓላት ሰሞን የሚመጣው ሰው እጅግ በዝቷል። በገናና በጥምቀት መካከል ያለ ቅዳሜ ከሆነ፣ በጊዜ የደረሰ ብቻ ነው ፈረስ መርጦ የሚይዘው።

ነርስ ነኝ

ስለ እህታችሁና ስለ አባታችሁ የጤና ሁኔታ ጥቂት መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክሬ የሐኪማቸውን ምክር የሚተካ አይደለም።

በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ወደ 70 በመቶ ይወርዳል፤ ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ያንሳል። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ እናንተ እዚህ የምትኖሩት ሰዎች ሰውነታችሁ ግማሹን መንገድ አስቀድሞ ለምዶታል። እህታችሁ ግን ከዱባይ ስትመጣ የመጀመሪያውን ልዩነት አዲስ አበባ ላይ ነው የምታገኘው። በመጣች ማግስት ወደ ወንጪ አትውሰዷት። ቢያንስ ሦስትና አራት ቀን አዲስ አበባ ቆይታ፣ ጥሩ ተኝታ፣ እንጦጦ ላይ አንድ ጊዜ በዝግታ ተራምዳ ብትሄድ ይመረጣል። ለገና የምትመጣ ከሆነ የመረጣችሁት ቅዳሜ በዚህ ረገድ ጥሩ ነው።

የከፍታ ሕመም በአብዛኛው የሚጀምረው ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞርና ከልክ ያለፈ ድካም ነው። ዋናው ሕክምና ወደ ዝቅተኛ ቦታ መውረድ ነው፤ ወንጪ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ግን አለ። ወደ ሐይቁ መውረድ መውረድ አይደለም። ሐይቁም ቢሆን ከአዲስ አበባ እጅግ ከፍ ያለ ነው፤ በዚያ ላይ ለመመለስ ዳገቱን መውጣት የግድ ነው። ስለዚህ እህታችሁ አፋፉ ላይ ሳለች ራሷን ካመማትና ካቅለሸለሻት፣ «ታች ስንደርስ ይሻላታል» አትበሉ። ከአንድ ሰው ጋር በመኪና ወደ ወሊሶ ትውረድ፤ ወሊሶ 2,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ እዚያ ስትደርስ ለውጡን ቶሎ ታየዋለች። መኪናውና ሾፌሩ ከቦታው እንዳይርቁ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

አባታችሁ ከጉዞው በፊት ሐኪማቸውን አማክረው የደም ግፊታቸውን ይለኩ። ግፊቱ በመድኃኒት የተስተካከለ ከሆነና ሐኪሙም ከፈቀደ በልክ መራመድ አይከለክላቸውም። መንገድ ላይ ሽንት ያስቸግረኛል ብለው የዕለቱን መድኃኒት እንዳይተዉ በተለይ አደራ እላለሁ፤ ብዙ አረጋውያን ይህን ያደርጋሉ። ዳገት ላይ ደረታቸውን ከከበዳቸው ወይም እያወሩ መራመድ ካቃታቸው ወዲያውኑ ይቀመጡ፤ ደረታቸውን የከበዳቸው ነገር ቶሎ ካልተዋቸው ጉዞው በዚያው አብቅቶ ወደ ሕክምና ይወሰዱ።

ለሁላችሁም በነፍስ ወከፍ ከሁለት ሊትር ያላነሰ ውኃ ያዙ። የፀሐይዋ ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም ፊት ይቃጠላል፤ ባርኔጣና ቅባት ያስፈልጋል።

የጂኦግራፊ መምህር

ወንጪንና ደንዲን በአንድ ቀን ስለ ማየት ለጠየቁት መልሴ አይቻልም የሚል ነው፤ ይልቁንም ሁለቱንም በመኪና መስኮት አይቶ መመለስ ይቻላል፤ ሁለቱንም በእግር መሄድ ግን አይቻልም። ካርታው ላይ ጎረቤት ቢሆኑም፣ ደንዲን ከአዲስ አበባ የሚጎበኙት በአብዛኛው በአምቦ መንገድ ጊንጪ ላይ ታጥፈው ነው፤ ወንጪን ደግሞ በወሊሶ ወይም በአምቦ በኩል ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመዞር የሚጠፋው ጊዜ የዳገቱን ጊዜ ይበላዋል።

ደንዲ ራሱን የቻለ ቀን የሚገባው ቦታ ነው። በእሳተ ገሞራው አፍ ውስጥ ሁለት ክብ ሐይቆች በጠባብ ቦታ ተገናኝተው ስለሚታዩ፣ ከላይ ሲመለከቱት የስምንት ቁጥር ቅርጽ አለው። ከወንጪ ይልቅ ጭር ያለ ነው፤ ለጎብኚ የተዘጋጀ ነገር ግን አነስተኛ ስለሆነ ስንቅን፣ ውኃንና መንገድ መሪን አስቀድሞ ማሰናዳት ይጠይቃል። ለመጀመሪያ የቤተሰብ ጉዞ ወንጪ ይቀላል ከሚሉት ጋር እስማማለሁ።

አንድ ነገር ግን ለልጁ ብትነግሩት ደስ ይለኛል፤ 11 ዓመት እንዲህ ያለው ነገር የሚገባበትና የማይረሳበት ዕድሜ ነው። ከደንዲ የሚወጣው ውኃ ሁሉቃ ወንዝ ሆኖ፣ በአምቦ ከተማ አልፎ፣ ከጉደር ጋር ተገናኝቶ ዓባይ ይገባል፤ መጨረሻውም ሜዲትራንያን ባሕር ነው። ከወንጪ የሚወጣው ደግሞ በዋልጋ ወንዝ በኩል ወደ ጊቤና ወደ ኦሞ ሄዶ ቱርካና ሐይቅ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ መውጫ የለውም። አዋሽም የሚነሣው ከእነዚህ ተራሮች አጠገብ፣ ከጊንጪ አካባቢ ነው፤ እርሱም ባሕር ሳይደርስ በአፋር በረሃ ይቀራል። በአንድ ቀን በእግር ሊካለል በሚችል ደጋ ላይ የዘነበ ዝናብ በሦስት አቅጣጫ ተከፋፍሎ እንዲህ ይራራቃል። ወንጪ አፋፉ ላይ ቆማችሁ ሰሜኑንና ደቡቡን እያሳያችሁ ብታስረዱት፣ ክፍል ውስጥ በካርታ ከምናስተምረው በእጅጉ ይበልጥ ይገባዋል።

ዝቋላ ተሳላሚ

ሁላችሁም ወደ ወንጪ ስላዘነበላችሁ ስለ ዝቋላም አንድ ሰው ሊናገር ይገባል ብዬ ነው የምጽፈው። በየማለዳው ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙ አባት ካሉበት ቤተሰብ ጋር ዝቋላ የሚስማማ ይመስለኛል።

ተራራው 2,989 ሜትር ነው፤ ከቢሾፍቱ በስተ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሜዳው ላይ ብቻውን ስለቆመ ከሩቅ ይታያል። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም የሚገኘው አናቱ ላይ ነው፤ ሐይቁም እዚያው በእሳተ ገሞራው አፍ ውስጥ አለ። ከፍታው ከወንጪ አፋፍ ስለሚያንስ ለእህታችሁ ይቀላታል። የአፋፍ መንገደኛው እንዳሉት ደግሞ ዳገቱ ጠዋት ነው፤ የደከመው ሰው መንገድ ላይ መለስ ማለት ይችላል፤ ማንም ሰው ከጉድጓድ ውስጥ ተነሥቶ ወደ ቤቱ መውጣት አይጠበቅበትም። በጥዱ ደን ውስጥ ጉሬዛዎች ሲዘሉ ስለሚታዩ ልጁም አይሰለችም።

ሆኖም ዝቋላ የሚኬደው ለመዝናናት አይደለም። ሐይቁ በምእመናን ዘንድ የተቀደሰ ነው፤ አይዋኙበትም፤ ዓሣ አያጠምዱበትም፤ ዳርቻው ላይ ተቀምጠው ሙዚቃ እየሰሙ የሚበሉበት ቦታ አይደለም። መነኮሳቱና መነኮሳይያቱ በጸሎት ላይ ስለሆኑ ድምፅን ዝቅ ማድረግ፣ አለባበስን ማክበርና በደኑ ውስጥ እሳት አለመለኮስ ያስፈልጋል። ደኑ በእሳት ተጎድቶ ያውቃል። ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ተሳላሚው እጅግ ብዙ ስለሆነ ለእግር ጉዞ ብቻ የሚመጣ ሰው ሌላ ቀን ቢመርጥ ይሻለዋል፤ የእናንተ ቅዳሜ ከሁለቱም የራቀ ነው።

ቁልቁለቱ ለጉልበት ከባድ መሆኑን አልሸሽግም። አባታችሁ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከሆነ የወንጪው ምክር፣ ማለትም ዳገቱን በፈረስ መውጣት፣ ይሻላቸዋል።

የቤተሰብ ጉዞ አዘጋጅ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትላንት ማታ ምላሾቻችሁን ለቤተሰቡ አንብቤያለሁ፤ አባታችን ቁልቁለት ሲወርዱ ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው በዚያው ነገሩን። ሆኖም «ወንጪ ሄደን ቂርቆስን እንሳለም፤ ዝቋላ ደግሞ ለመጋቢት አቦ ብቻዬን ከማኅበሬ ጋር እሄዳለሁ» ስላሉ፣ የዚህ ጊዜው ምርጫችን ወንጪ ሆኗል። ሐኪማቸውን በመጪው ሳምንት ያያሉ። እህታችን ከጉዞው ሰባት ቀን ቀድማ ትገባለች።

ሁለት ነገር ግን አልጠራልኝም። አንደኛው፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው ቁልቁለቱን በእግራቸው እንዲወርዱ፣ ዳገቱን በፈረስ እንዲወጡ ነው የተመከረው፤ የሚያማቸው ግን ቁልቁለቱ ነውና ምን እናድርግ? ሁለተኛው፣ ከ10 ሰዓት በኋላ ተነሥተን አዲስ አበባ የምንገባው ከመሸ ስለሆነ፣ ዓርብ ማታ ወሊሶ ማደር ይሻል ይሆን?

የአፋፍ መንገደኛ

ሁለተኛውን ልመልስ። አቅሙ ካላችሁ ወሊሶ እደሩ፤ ነገር ግን ዓርብ ሳይሆን ቅዳሜ ማታ። ብዙ ሰው ማለዳ ለመነሣት ሲል ቀድሞ ያድራል፤ እኔ ግን ጠዋት ዕረፍት ያደረገ ሾፌር በባዶ መንገድ ሲነዳ ከሚያሰጋኝ ይልቅ፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የዋለ ሾፌር ማታ በጭነት መኪና መብራት መካከል ስምንት የደከመ ሰው ይዞ ሲመለስ ያሰጋኛል። ቅዳሜ ወሊሶ ብታድሩ ከሐይቁ ዳርቻ የምትነሡበት ሰዓትም ከ7፡45 ወደ 8፡15 ሊገፋ ይችላል። ከዚያ በላይ ግን አትግፉት፤ አፋፉ ላይ ፀሐይዋ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ብርዱ በድንገት ነው የሚመጣው፤ በላብ የራሰ ልብስ ለብሶ ፈረስ ላይ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ከሁሉም በላይ ይበርደዋል። ለአባታችሁ ደረቅ ሹራብና ጋቢ ለይታችሁ በአንድ ሰው ቦርሳ ያዙ፤ ፈረሱ ላይ ከመውጣታቸው በፊት ያልብሷቸው።

ማደር ካልቻላችሁ ደሴቱን አትተዉ፤ አባታችሁ የሚሄዱት ለእርሱ ነውና። ይልቁንም ወሊሶ ላይ ለቁርስ መቀመጡን ትታችሁ መኪና ውስጥ ብሉ፤ አንድ ሰዓት ያህል ታተርፋላችሁ።

ከወሊሶ

የጉልበቱን ነገር እኔ ልመልስ። ከላይ የጻፍሁት ጉልበቱ ደህና ለሆነ ሰው ነበር። ለአባታችሁ ደርሶ መልስ ፈረስ ያዙ፤ ባለ ፈረሱ በዕድሜ የበሰለ ሰው እንዲሆንና ፈረሱም ሽማግሌ የለመደ እንዲሆን ማኅበሩን በግልጽ ጠይቁ፤ ያሰናዱላችኋል። ሲወርዱ ሰውነታቸውን ወደ ኋላ ዘንበል አድርገው፣ እግራቸውን እርካቡ ላይ ወደፊት ገፋ አድርገው ይቀመጡ፤ ባለ ፈረሱም ልጓሙን ይዞ ከፊት ይሂድ። ባለ ፈረሱ ውረዱ በሚልባቸው ጥቂት ቦታዎች አንድ ወጣት ክንዳቸውን ይዞ፣ ከዘራውን በሌላኛው እጃቸው ይዘው፣ በአጭር በአጭሩ እየረገጡ ይውረዱ። ከእርካቡ ሲወርዱ ቀጥታ መሬት ላይ ከመዝለል ይልቅ ከፍ ያለ ድንጋይ አጠገብ ፈረሱ እንዲቆም ማድረግ ለጉልበታቸው ይበጃል።

ሐይቁ ዳርቻ ጀልባው የሚቆምበት ቦታ ጭቃ ሊኖረው ስለሚችል፣ ወደ ጀልባው ሲገቡም ሲወጡም ሁለት ሰው ይደግፋቸው። ባለ ፈረሱን ከደሴቱ የምትመለሱበትን ሰዓት ሳትነግሩት እንዳትለዩት፤ ስልኩንም ያዙ፤ ነገር ግን ታች ሸለቆው ውስጥ የስልክ መስመር አንዳንዴ ስለሚጠፋ ዋናው ውላችሁ በአፍ የተባባላችሁት ሰዓት ይሁን።